«ኢጂአሩንም ዴፉንም ዲሊት ላድርገው?» ለሚል የትራክ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የራሴን ትራክ ነው የምነዳው። የ2017 ሞዴል፣ 13 ሊትር ሞተር፣ 610 ሺህ ማይል የሄደ። አምና ክረምት የኢጂአር ኩለሩ ተበላሽቶ አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ የኖክስ ሴንሰር ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሎድ ይዤ ፔንሲልቬንያ ዳገት ላይ ጉልበት አጣብኝ። ኮዱ የኤስሲአር ብቃት ቀንሷል ይላል። የወሰድኩበት ሾፕ ሦስተኛ ሴንሰር ቀይር አለኝ። አንድ ሌላ መካኒክ ደግሞ ‹ኢጂአሩንም ዴፉንም ዲሊት አድርገውና ተገላገል፣ ናፍጣም ትቆጥባለህ› ይለኛል። እነዚህ ዕቃዎች በእውነት የሚሠሩት ነገር አለ? ባጠፋቸውስ ሞተሬን እጎዳለሁ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እንኳን በሰላም ወጣህ። ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። በመስታወት የምታየው ከኋላህ እየተጠጋ የሚመጣውን መብራት ብቻ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ቃላቱን አስቀድሜ ልፍታ። ኢጂአር ከነደደው ጭስ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ዕቃ ነው፣ ኩለሩ ያንን ጭስ ያቀዘቅዛል። ኤስሲአር ዴፍ በሚባል ፈሳሽ እየታገዘ ኖክስ የሚባለውን ጎጂ ጋዝ ከጭሱ ያጠፋል፣ የኖክስ ሴንሰር ደግሞ ጋዙን ይለካል። ዲሊት ማለት እነዚህን ማውጣት ወይም በሶፍትዌር ማጥፋት ነው። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ዲሊት አታድርግ። ሦስተኛውን ሴንሰርም ገና አትግዛ። የጻፍክልኝን ቅደም ተከተል ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ኩለር፣ ቀጥሎ ሴንሰር፣ እንደገና ሴንሰር፣ አሁን ኤስሲአር። ይህ አራት ብልሽት አይመስለኝም። አንድ ብልሽት ነው፣ ከሞተሩ ተነስቶ በጭሱ መንገድ ወደ ታች የወረደ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንዲገባህ ግን መጀመሪያ ስለ ኖክስ ራሱ ትንሽ ላውራህ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ጭምት ጋዝ ነው፣ በቀላሉ ከማንም ጋር አይዋሐድም። ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ እንደገባ ሊወጣ ይችል ነበር። ነበልባሉ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ግን ነገሩ ይለወጣል። ናይትሮጅኑ ተሰንጥቆ ከኦክስጅን ጋር ይጣመርና ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። ይሄ ደግሞ ውጭ ወጥቶ ሌላ ኦክስጅን ሲያገኝ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ላይ ኖክስ እንላቸዋለን። የአወላለዳቸውን መንገድ በ1940ዎቹ ያሳየው ያኮቭ ዜልዶቪች የተባለ የሶቪየት የፊዚክስ ሊቅ ነው። ከሥራው ለእኛ ለመካኒኮች የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ። ኖክስ ከሙቀቱ ጋር እኩል እየተራመደ አይጨምርም። ነበልባሉ ላይ ትንሽ ሙቀት ስትጨምር ኖክሱ በብዙ እጥፍ ይዘላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሾፌር የሚሳሳተው ነገር አለ። ኖክስ ከመጥፎ ናፍጣ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ከአየሩ ነው የሚመጣው። እንዲያውም ናፍጣው በደንብ በነደደና በጋለ ቁጥር ነው ኖክሱ የሚበዛው። ጥቁር ጭስ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ያልነደደ ካርቦን ነው። ኖክስ ሲወለድ ዓይን አያየውም።

ሳንባ ግን ያውቀዋል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የመተንፈሻ ቧንቧን ይቆጣል፣ አስም ያለበትን ልጅ ያባብስበታል። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ከነዳጅ ትነት ጋር ሆኖ ኦዞን ይሠራል። የሎስ አንጀለስ ሰው ዓይኑን የሚያቃጥለው ጉም ከየት እንደሚመጣ ግራ ገብቶት በነበረበት ጊዜ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ መልሱን ያገኘው በካልቴክ ያስተምር የነበረው ትውልደ ኔዘርላንዳዊ ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት ነው። ከመኪና ጭስ የሚወጣው ኖክስና ያልነደደ ነዳጅ በፀሐይ ሲበስል ነበር ጉሙ የሚፈጠረው።

እንግዲህ የሞተር ሠሪዎች ሁሉ ራስ ምታት እዚህ ጋ ነው። ሞተር በጋለ ቁጥር ናፍጣ ይቆጥባል። በጋለ ቁጥር ደግሞ ኖክስ ይበዛል። መካኒኩ «ናፍጣ ትቆጥባለህ» ያለህ ዝም ብሎ አይደለም፣ ከቃሉ ውስጥ እውነት አለበት። ይህንኑ እውነት ትላልቆቹ አምራቾችም ሞክረውታል። በ1998 ሰባት የከባድ ናፍጣ ሞተር አምራቾች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ክስ ላይ ደርሰው በስምምነት ጨረሱ። ክሱ ኮምፒውተሩ በፈተናው ጊዜ ሞተሩን ንጹሕ ያደርገዋል፣ ሀይዌይ ላይ ግን ናፍጣ ለመቆጠብ ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭበትን ሰዓት ይለውጣል የሚል ነበር። 1.3 ሚሊዮን የሚሆኑ ሞተሮች ናቸው። ቅጣቱ 83.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከቅጣቱ ይልቅ ግን አንተን የሚነካህ ሌላ ነው። ለ2004 ተቀጥሮ የነበረውን የጭስ ደንብ አብዛኞቹ ወደ ጥቅምት 2002 እንዲያቀርቡት ተስማሙ። የምትረግመው ባለ ኩለር ኢጂአር የአሜሪካ ትራክ ውስጥ በብዛት የገባው በዚያ ጥድፊያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ያሰቃዩን ያለ ምክንያት አልነበረም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ።

ኢጂአር ሥራው ኖክስ እንዳይወለድ ማድረግ ነው። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ይዳፍኑት የለ? የተዳፈነ እሳት አይጠፋም፣ ግን አይንበለበልም። ኢጂአርም እንደዚያው ነው። አንዴ የነደደውን ጭስ ከፊሉን መልሶ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ያ ጭስ ዳግመኛ አይነድም፣ አመድ ነው በለው። ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ሙቀቱን ይሸከማል፣ የኦክስጅኑንም ቦታ ይይዛል። ነበልባሉ ረገብ ይላል። እንደ ሞተሩና እንደ ጭነቱ ከሚገባው አየር ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው የተመለሰ ጭስ ሊሆን ይችላል። ጭሱ እንደጋለ ከገባ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ለዚህ ነው መንገዱ ላይ ኩለር ያለው። 500 እና 600 ዲግሪ ሆኖ የሚገባውን ጭስ የራዲያተሩ ውሃ ከ200 ዲግሪ በታች አውርዶ ይሰደዋል።

ዋጋው ጥላሸት ነው። እሳቱን ስታዳፍነው ኖክሱ ይቀንሳል፣ ያልነደደ ካርቦን ግን ይጨምራል። ያንን ለመያዝ ከ2007 ጀምሮ ዲፒኤፍ የሚባለው የጥላሸት ማጣሪያ መጣ። አንዱን ስትጫን ሌላው ብቅ ይላል።

በጋራዥ ሥራዬ የኢጂአር ቫልቭ ስፈታ መጀመሪያ የማየው ጥላሸቱን ነው፣ ኮዱን አይደለም። በጣቴ ነካ አደርገዋለሁ። ደረቅ ሆኖ እንደ ምጣድ ቂጥ ጥላሸት የሚረግፍ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ይጠረጋል። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ከሆነ ዘይት አለበት። ወይ ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ዘይት ያስገባል፣ ወይ ሾፌሩ ሌሊቱን ሙሉ ሞተሩን አስነስቶ ያድራል። ሦስተኛው ነው የሚያስደነግጠኝ። አንዳንዴ ጥላሸቱ መካከል ታጥቦ የነጣ ብረት ይታያል። ዳሩ ላይ ነጣ ያለ ደረቅ ዝቃጭ ይኖረዋል። እሱ የራዲያተር ውሃ ነው። ኩለሩ ውስጥ ተሰንጥቋል ማለት ነው።

ያንተ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ይመስለኛል። ኩለር ሲሰነጠቅ ውሃው ከታች መሬት ላይ አይፈስም። ሾፌሩ ውሃ እየጨመረ ይሄዳል፣ ጠብታ አያይም። ውሃው በጭሱ መንገድ ነው የሚወጣው። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ዲፒኤፉ፣ ካታሊስቱ (የጭሱን ጋዝ በኬሚካል የሚለውጠው ዕቃ) እና ሁለቱ የኖክስ ሴንሰሮች ተሰልፈው ይጠብቁታል። የኖክስ ሴንሰር ጫፉ ሴራሚክ ነው፣ ሥራ ላይ ሲሆን በራሱ ማሞቂያ 800 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እሳት ላይ የጋለ የሸክላ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ቢል ምን ይሆናል? ይሰነጠቃል። በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች ደግሞ እንደ ውሃው ተንነው አይጠፉም። የካታሊስቱ ፊት ላይ ጋግረው ይቀራሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄህ ለሾፑ ይህ ይሁን። ኩለሩን ስትቀይሩ ዲፒኤፉንና ከፊቱ ያለውን ካታሊስት ፈትታችሁ ፊቱን አይታችሁ ነበር? ኩለሩ ከመቀየሩ በፊት ስንት ሳምንት ውሃ ስትጨምር ነበር? ይህን አንተ ታውቀዋለህ። አንድ ሁለት ጋሎን ከሆነ አንድ ነገር ነው። በየሳምንቱ ጋሎን ስትጨምር ከከረምክ ግን ሌላ ነው። እኔ ራሴ አንድ ደንበኛ በአራት ወር ሦስት ሴንሰር ከቀየሩለት በኋላ ትራኩን አምጥቶልኝ ያውቃል። ዲፒኤፉን ስናወርደው ፊቱ በነጭ ዱቄት ተለብጧል። ያንን ሁሉ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ማንም ፈትቶ አላየለትም። ሰውዬው ሦስት ልጅ የሚያሳድግ ነበር። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ኤስሲአር ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። ኢጂአሩ ኖክስ እንዳይወለድ ይጥራል፣ ኤስሲአሩ የተወለደውን ይመልሳል። ዴፍ የምትሞላው ለእሱ ነው። ዴፍ ምንድን ነው ካልከኝ፣ ዩሪያ ነው። የገበሬ ልጅ ከሆንክ ታውቀዋለህ፣ ማሳ ላይ የሚበተነው ያው ዩሪያ። 32.5 በመቶ በጣም የጠራ ዩሪያ፣ የቀረው ንጹሕ ውሃ። ቁጥሩ ለምን 32.5 ሆነ? በዚህ ልክ ሲቀላቀሉ ነው በረዶ የሚሆኑበት ነጥብ ከሁሉ ዝቅ የሚለው፣ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ። በረዶ ሲሆንም ሲቀልጥም ዩሪያውና ውሃው እኩል ይሄዳሉ። ስለዚህ ክረምት ላይ ታንከርህ ውስጥ በረዶ ሆኖ ቢያድር አይበላሽም፣ ማሞቂያው ያቀልጠዋል።

ዴፉ የጋለው ጭስ ላይ ሲረጭ ውሃው ይተንና ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያውና ኖክሱ ካታሊስቱ ላይ ይገናኛሉ። በዘመናዊዎቹ ትራኮች ካታሊስቱ በአብዛኛው መዳብ ያለበት ዜኦላይት ነው፣ እንደ ሰፍነግ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ማዕድን። እዚያ ላይ ናይትሮጅኑ ከኦክስጅኑ ይላቀቅና ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ከማርሚታው የሚወጣው ናይትሮጅንና የውሃ እንፋሎት ነው። አየር ሆኖ የገባ አየር ሆኖ ይወጣል። ስንት ዓመት ሠርቼበት ይህ ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል። ሥራው ግን ሙቀት ይፈልጋል። ከ200 ዲግሪ በታች ዴፉ በቅጡ ወደ አሞኒያ አይለወጥም፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይጋገራል።

የቤንዚን መኪና ካታሊስት ያለ ዴፍ ይሠራ የለ ወይ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ይሠራል። የቤንዚን ሞተር ግን አየሩን በልክ ነው የሚያስገባው፣ ጭሱ ውስጥ ትርፍ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። የናፍጣ ጭስ ኦክስጅን ሞልቶታል። ኦክስጅን በሞላበት ኖክስን መርጦ የሚይዝ ነገር ስላስፈለገ ነው አሞኒያ የመጣው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከማዳበሪያ ዩሪያ በውሃ በጥብጬ ርካሽ ዴፍ እሠራለሁ የሚል ሰው ካጋጠመህ ሽሽ። የማዳበሪያው ዩሪያ ለአፈር እንጂ ለካታሊስት አልተሠራም። ውስጡ ያለው ባይዩሬት የሚባል ነገርና ማዕድኑ መርጫውን ይደፍናል፣ ካታሊስቱን ይመርዛል። ይህ ፈሳሽ ምን ያህል የሥራችን ሥር እንደሆነ በ2021 መጨረሻ ደቡብ ኮሪያ አይታለች። ቻይና የዩሪያ ኤክስፖርቷን ስታጠብቅ የኮሪያ ትራኮች ዴፍ አጥተው ሊቆሙ ደረሱ። መንግሥታቸው በወታደራዊ አውሮፕላን ከአውስትራሊያ እስከ ማስመጣት ደረሰ።

አሁን ያንተን ትራክ እንመርምረው።

የኤስሲአር ብቃት የሚባለው ቀላል ሂሳብ ነው። ከኤስሲአሩ በፊት አንድ ሴንሰር አለ፣ ከኋላው ሌላ አለ። ሀይዌይ ላይ ሞቆ እየሄደ ፊተኛው 600 ቢያነብና ኋለኛው 30 ቢያነብ 95 በመቶውን አጥፍቶታል ማለት ነው። ይሄ ጤነኛ ነው። ፊተኛው 700፣ ኋለኛው 210 ከሆነ ግን 70 በመቶ ላይ ወርዷል። ኮምፒውተሩ የሚጮኸው እንዲህ ሲሆን ነው። ልብ በል። ኮዱ «ኤስሲአር ደከመ» ሲል ሁለት ቁጥር አወዳድሮ ነው እንጂ ዕቃውን ከፍቶ አይቶ አይደለም። ሴንሰሩ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛውን ደጋግሞ መቀየር መልእክቱን አይለውጠውም።

እኔ ብሆን በርካሹ ነው የምጀምረው። ዴፉን ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የድብልቅ መጠን መለኪያ አየዋለሁ። ሁለት ጠብታ መስታወቱ ላይ ታደርግና ወደ ብርሃን ታያለህ። 32.5 አካባቢ መሆን አለበት። ደረጃው ከ31.8 እስከ 33.2 ይፈቅዳል። 28 ካነበበ ውሃ ገብቶበታል። ትንሽ በመስታወት ብልቃጥ ቅዳና ለግማሽ ሰዓት አስቀምጠው። ላዩ ላይ ቀለም ያለው ስስ ሽፋን ከታየ ናፍጣ ተቀላቅሎበታል። በድካም ሰዓት ያልሆነ ታንከር ውስጥ መሙላት ማንም ላይ ይደርሳል፣ አትፈር፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ተናገር። ዴፍ ሙቀት ላይ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ በጋ ላይ ካቢኑ ጎን ሳጥን ውስጥ ለወራት የተረሳውን ጋሎን አትጠቀምበት።

ቀጥሎ የዴፍ መርጫውን አስፈታዋለሁ። ጫፉ ላይና ፊት ለፊቱ ያለው ቧንቧ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ካለ የሚረጨው ዴፍ ወደ ካታሊስቱ አይደርስም። ከዚያ መርጫው በቂ መጠን ይረጭ እንደሆነ በመለኪያ ብርጭቆ ይፈተሻል። ማንኛውም ደህና ሾፕ ይህን ያውቃል። ከሴንሰሩ በፊት ያለውን የጭስ ቧንቧ ማሰሪያም በባትሪ ዞር ዞር ብለህ እይ። ጥቁር መስመር ካለ ጭስ እያመለጠ ነው፣ ቁጥሩንም ሊያዛባው ይችላል። ይህ ሁሉ ጤነኛ ከሆነ ዲፒኤፉና ካታሊስቱ ይውረዱና ፊታቸው ይታይ። ኤስሲአሩን መቀየር የመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም ከሁሉም ውዱ እሱ ነው። ባንተ ታሪክ ግን ዲፒኤፉን አውርዶ ማየቱን ከተለመደው ቀድሜ ነበር የማደርገው፣ በኩለሩ ምክንያት።

በነጻ የምትሠራው ምርመራም አለ። በየሳምንቱ የሞላኸውን ናፍጣና ዴፍ ጻፍ። እንዳንተ ያለ ባለ ኢጂአር ሞተር ለ100 ጋሎን ናፍጣ ከ2 እስከ 4 ጋሎን ዴፍ ይጠጣል። ድንገት ከቀነሰ መርጫው ተደፍኗል ብለህ ጠርጥር። ድንገት ከጨመረ ደግሞ ኢጂአሩ ጭስ መመለስ አቁሞ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ብዙ ኖክስ ይወልዳል፣ ኤስሲአሩም ያንን ለማጥፋት ብዙ ዴፍ ይለምናል።

ይህ ወደ ዲሊቱ ጉዳይ ያመጣናል።

«ኢጂአሩን ብቻ ብዘጋውስ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ሞተርህ ኢጂአር ይኖራል ተብሎ ነው የተሠራው። የካታሊስቱ መጠን፣ የመርጫው አቅም፣ የቱርቦው አሠራር በዚያ ልክ ነው። ኢጂአሩን ስትዘጋ ኤስሲአሩ ከአቅሙ በላይ ኖክስ ይመጣበታል። አሁን ያለህን ኮድ ራሱ በሌላ በር ታስገባዋለህ። ደግሞ ያለ ኢጂአር የሚሠራ ከባድ ሞተር አለ፣ አልዋሽህም። ኢቬኮ፣ አገር ቤት አምቼ ሲገጣጥመው እያየን ያደግነው፣ በ2013 ለአውሮፓው ዩሮ 6 ደንብ ባወጣቸው ሞተሮች ኢጂአሩን ትቶ ሁሉንም ለኤስሲአር ሰጠው። ግን ካታሊስቱንና የዴፍ መርጫውን ከመጀመሪያው ለዚያ አድርጎ ነው የሠራው። የተገላቢጦሹን የሞከረው የአሜሪካው ትራክ አምራች ናቪስታር ነው። ለ2010 የአሜሪካ የኖክስ ደንብ ዩሪያ አያስፈልገኝም፣ በኢጂአር ብቻ እወጣዋለሁ አለ። አልቻለም። በሐምሌ 2012 እሱም ወደ ኤስሲአር ገባ። እሳቱን ማዳፈን ልክ አለው፣ ከመጠን ሲያልፍ ጥላሸቱ ያንቅሃል።

ሁለቱንም ካጠፋህስ? ሞተርህ ይሞታል ብዬ አላስፈራራህም። ጭስ ስለማይመለስበት የአየር ማስገቢያው ንጹሕ ይሆናል፣ ናፍጣም ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። ግን ሶፍትዌሩን ማን ጻፈው? ቱርቦህ ስንት ዙር እንዲሽከረከር፣ ናፍጣው ስንት ሰዓት ላይ እንዲረጭ የወሰነው ሰው ፒስተንህ ሲቀልጥ አጠገብህ አይኖርም። ክሊን ኤር አክት የሚባለው ሕግ ዕቃዎቹን ማውጣትም ማሰናከልም ይከለክላል፣ ለሠራው ሾፕም ላሠራውም። ካሊፎርኒያ ሎድ ከወሰድክ ደግሞ ከ14,000 ፓውንድ በላይ የሆነ የናፍጣ ትራክ ሁሉ፣ ታርጋው የሌላ ስቴት ቢሆንም፣ ክሊን ትራክ ቼክ የሚባለውን ምርመራ ማለፍ አለበት። ኮምፒውተሩን ሰክተው ነው የሚያነቡት። ስትሸጠውም ብዙ ነጋዴ ዲሊት የሆነ ትራክ አይነካም።

ከሕጉም ከገንዘቡም በላይ ግን አንድ ሂሳብ ላሳይህ። ጭነት የያዘ ትራክ ሀይዌይ ላይ በአንድ ማይል በግምት 3 የፈረስ ጉልበት-ሰዓት ሥራ ይሠራል (አንዱ፣ አንድ የፈረስ ጉልበት በአንድ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ነው)። የ2010 ደንብ ለአንዱ የፈረስ ጉልበት-ሰዓት 0.20 ግራም ኖክስ ነው የሚፈቅደው። የ1998ቱ ደንብ 4 ግራም ነበር። አንተ 100 ሺህ ማይል ስትነዳ፣ ትራክህ ጤነኛ ከሆነና ደንቡን ከጠበቀ፣ 60 ኪሎ አካባቢ ኖክስ ያወጣል። ወደ 1998 ልክ ከተመለሰ 1,200 ኪሎ ነው። በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ትራክ።

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ስጀምር ኤንትሬ፣ የድሮውን የፊያት ትራክ፣ ነበር የምንፈታው። ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። «ኤንትሬ አይሻልም ወይ?» ይሉኛል ሾፌሮች። ለመፍታት ይሻል ነበር። ግን ያኔ ማርሚታው ሥር ተኝተን እንውል የነበርን ልጆች ማታ ማታ እንዴት እንደምንስል አስታውሳለሁ። ዛሬም ሌሊት ትራክ የሚቆምባቸው ሰፈሮች ውስጥ የሚያድሩ ልጆች አሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው።

በንዴትህ ግን አልፈርድም። ሴንሰር ስለተበላሸ ብቻ ኮምፒውተሩ ሎድ የያዘን ትራክ በሰዓት 5 ማይል ላይ ማውረዱ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፣ አምኜም አላውቅም። አደጋ ነው። በነሐሴ 2025 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አምራቾች ይህን ድንገተኛ ጉልበት መንሳት በሶፍትዌር እንዲያላሉ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ የሞተርህን አምራች ወኪል «ለእኔ ሞዴል አዲሱ ሶፍትዌር ወጥቷል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ሕጋዊ ነው፣ ከመካኒኩ ዲሊት ይልቅ የሚጠቅምህ ይሄ ነው።

አነዳድህ ላይ የምለምንህ አንድ ነገር አለ። ሞተሩን አስነስተህ አትደር። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ጭሱ ቀዝቃዛ ነው። ኢጂአሩ በሬንጅ ይሞላል፣ ዴፉ ይጋገራል፣ ዲፒኤፉ ራሱን ማጽዳት አይችልም። ካቢን ማሞቂያ ወይም ትንሿን ጄኔሬተር ግዛ። ዋጋዋ ከአንድ ኩለር ሥራ ብዙም አይርቅም። ዳገት ወጥተህ እንደቆምክም ወዲያው አታጥፋው፣ አራት አምስት ደቂቃ ይተንፍስ። ኩለሩን የሚሰነጥቀው ሙቀትና ቅዝቃዜ መፈራረቁ ነው። የራዲያተሩን ውሃም ዓይነቱን ሳትቀላቅል በጊዜው ለውጥ።

ለሾፑ ስትደውል እነዚህን ጻፍና ያዝ፦ ኩለሩ ከመቀየሩ በፊት የጨመርከውን ውሃ፣ ባለፉት ሁለት ወራት የሞላኸውን ናፍጣና ዴፍ፣ በ65 ማይል ሀይዌይ ላይ ሁለቱ ሴንሰሮች የሚያነቡትን ቁጥር። የመጨረሻውን እነሱ ላፕቶፕ ሰክተው አብረውህ እየሄዱ ያውጡልህ። ዲፒኤፉን ሲያወርዱት ደግሞ ፊቱን በስልክህ አንሳው። ፎቶውንና ቁጥሮቹን ላክልኝ፣ ሴንሰሩን ከመግዛትህ በፊት አብረን እናየዋለን።